ቁረጥ ያለችው ቅርንጫፍ

አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ ቆሞ የሰው ራስ ሲከረክም የኖረ ሰው ነበር። ሰፈሩ «ጋሽ መቀሱ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለዳል። ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ ትልቅ መስታወትና ሲዞር የሚያቃስት ማራገቢያ ነበረው። ደንበኞቹ የሚመጡት ግን ለፀጉራቸው ብቻ አልነበረም። ጋሽ መቀሱ ወሬ ይችልበታል። ቶንዶሱ ማጅራት ላይ ሲያጉረመርም እሱ ከላይ ይቀጥላል፤ ማን ቤት ቀየረ፣ ማን ከማን ታረቀ፣ የትኛው መንገድ ተቆፍሮ ቀረ። መላጣ የሆኑ ሁለት ሽማግሌዎች እንኳ በየሳምንቱ እየመጡ «እስቲ ዙሪያውን ነካ ነካ አድርግልኝ» ይሉት ነበር።

ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ወሬው ሁሉ ከፀጉሩ ጋር ተጠርጎ ሱቁ የቀረ ይመስል፣ «እንዴት ዋልሽ»፣ «ሾርባው ጨው አንሶታል»፣ «መብራቱን ላጥፋው?» ብሎ ያበቃል። ሚስቱ መጀመሪያ መጀመሪያ ታኮርፍ ነበር። ኋላ ግን ተወችው።

ሚስቱ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አገሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላታል፤ ባሏም ያው ቲቸር ነው የሚላት። ከበረንዳው ፊት እስከ አጥሩ ድረስ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ አሥራ አራት ጽጌረዳ ተክላለች። እንደ ተማሪዎቿም ለሁሉም ቅጽል ስም ሰጥታቸዋለች። ሁሉም ካበቡ በኋላ የምትነሳዋን «አርፋጇ»፣ ትንሽ ንፋስ በነካት ቁጥር አበባዋን የምታረግፈውን «አኩራፊዋ»፣ ጥግ አጥሩ ሥር ሆና በዓመት አንዴ ብቻ ብቅ የምትለውን ጥቁር ቀይዋን ደግሞ «ቀሪዋ» ትላታለች። ጠዋት ጠዋት ባሏ መስታወት ፊት ጢሙን ሲላጭ፣ «ዛሬም አልመጣሽም? ወላጅሽን ጠርተሽ ነው የምትገቢው!» ስትል በመስኮት ይሰማታል። በሆዱ ይስቃል። ወጥቶ አብሮ መሳቅ ግን አንድም ቀን አልመጣለትም።

አንድ ጠዋት የውሃው ድምፅ ከወትሮው ረዘመበት። ምላጩን አስቀምጦ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ወጣ። ቲቸር ጭቃው ላይ ቁጭ ብላለች። የውሃው ጎማ አጠገቧ ወድቆ ይፈሳል። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ዓይኖቿ እሱ ላይ ናቸው፤ የሆነ ነገር ልትለው ትፈልጋለች፣ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም።

ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት፤ ንግግሯም ጠፋ። «ትሰማለች?» ብሎ ሐኪሙን ጠየቀ።

«መስማቱን ትሰማለች፤ ምን ያህሉን እንደምትረዳ ግን አሁን መናገር አልችልም። ጊዜ ይጠይቃል» አለ ሐኪሙ።

ይቺ «ምን ያህሉን» የምትል ቃል ጋሽ መቀሱ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው መጥታ አንድ ወር አብራቸው ቆየች። ለእናቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መያዣ ብረት አስተከለች፣ መድኃኒቱን በቀን በቀን ለይታ በትንንሽ ዕቃ አስቀመጠች፣ ከዚያ ሥራዋ ጠራትና ሄደች። ጋሽ መቀሱ ሱቁን ዘጋ። ጠዋት ቲቸርን አጥቦ፣ አልብሶ፣ ተሽከርካሪ ወንበሯን ገፍቶ በረንዳ ላይ ያወጣታል። እዚያ ሆና ቀኑን ሙሉ ጽጌረዳዎቿን ታያለች።

ጽጌረዳዎቹ ግን የሚታዩ አልነበሩም። በሁለት ወር ውስጥ እርስ በርስ ተጠላልፈው ዱር መስለዋል። ቅጠላቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ተደርድሮበታል። ቲቸር አይታ አይታ እንባዋ በአንድ በኩል ይወርዳል። ባሏ ይህን አየ። እኔ እያለሁ፣ አለ በሆዱ፣ አርባ ዓመት ሙሉ መቀስ ይዤ!

እሷ ከሰዓት ሸለብ ሲያደርጋት ጠብቆ፣ የሱቁን ረጅም መቀስና ማበጠሪያ ሳይቀር ይዞ ገባባቸው። ለሁለት ሰዓት ያህል ሠራ። ከአንደኛዋ እስከ አሥራ አራተኛዋ ዙሪያቸውን አስተካክሎ፣ አናታቸውን ጠፍጥፎ፣ ሁሉንም አንድ ቁመት አደረጋቸው። እጁ በእሾህ ተቦጫጨረ። ጨርሶ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሲያያቸው፣ ወታደር ቤት እንደገቡ ምልምሎች ራሳቸውን ተላጭተው ተሰልፈዋል። ደስ አለው።

ቲቸር ነቃች። አየች። ከጉሮሮዋ እሱ ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ወጣ። በግራ እጇ የሻይ ብርጭቆውን አንስታ ወረወረችው፤ ደረጃው ላይ ደቀቀ።

«ምን አደረግሁ? አሳመርኩልሽ እኮ!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሦስት ቀን ያህል እንዲህ ሆነች፤ ሲያጎርሳት ትበላለች፣ ዓይኑን ግን አታይም። ጋሽ መቀሱ ቅስሙ ተሰበረ። ከወንበሩ ላይ ተራግሞ የተነሳ ደንበኛ አያውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታቸው አንዴ ቲቸርን እንድታይለት ለምኖ፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ወዳለው ችግኝ መሸጫ ሄደ። የችግኝ ቤቱ ባለቤት ጎማ ጫማ ያደረገች፣ ጥፍሯ ሥር አፈር የማይጠፋ ጎልማሳ ሴት ናት። በጥቁር ላስቲክ ከረጢት ውስጥ በተተከሉ ችግኞች መሃል ቆማ ታሪኩን ከሰማችው በኋላ ሳቋን ለመያዝ ታገለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከነማበጠሪያው?»

«ከነማበጠሪያው» አለ አፍሮ።

አንድ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ያዘችና በአውራ ጣቷ አንዲት ቀላ ያለች ጉብታ አሳየችው። «ይቺን ያዩአታል? ዓይን ትባላለች። አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከዚች ነው። ፀጉር የትም ቢቆርጡት ያድጋል፤ ይሄ ግን ከዓይኑ ከፍ ብሎ፣ ሰያፍ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። ያውም ወደ ውጭ የምታይ ዓይን ተመርጣ። የደረቀውን፣ የታመመውን፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚተሻሸውን ያወጣሉ፤ መሃሉ አየር ያግኝ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ግን እኔን ምን ያስጠይቅዎታል? ባለሙያዋ ቤትዎ አለች።»

«መናገር አትችልም ብዬሽ የለም?»

«አንድ እጇ ደህና ነው አላሉኝም?»

የአትክልት መቀስና ወፍራም ጓንት ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ወንበሯን ከበረንዳው አውርዶ፣ በጭቃው ላይ ጣውላ አንጥፎ፣ አርፋጇ አጠገብ አቆማት። ፊቷን እንዳዞረች ነው። እሱ ተንበረከከና መቀሱን አንድ ቅርንጫፍ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ነው?» ጭጭ። «እሺ እዚህ ጋ?» ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ቢቸግረው መቀሱን ሆን ብሎ ዋናው ግንድ ላይ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ደገነው። «እንግዲያው ከዚህ ልገንድሳት።»

ጥፊው የእጁ አንጓ ላይ አረፈ።

ጋሽ መቀሱ ቀና ሲል ዓይኖቿ እሱ ላይ ነበሩ፤ ተማሪ ሲያጠፋ የምታይበት ዓይን። በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ አይታው አታውቅም። ሳቁ መጣ፤ ሳቁን ተከትሎ ሌላም ነገር መጣና አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋንቋ አገኙ። የወንበሩን መደገፊያ አንዴ መታ ካደረገች «ቁረጥ» ነው። እጁን በጥፊ ካለችው «ተው» ነው። ጣቷን አንስታ ካወዛወዘች «ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ» ነው። በቀን አንድ ጽጌረዳ፣ አንዳንዴም ግማሽ ይሠራሉ። ክሽክሹን በሳሙና ውሃ አጠቡ፤ ነጠብጣብ የያዘውን ቅጠል ለቅመው አቃጠሉ።

እጁ ሲሠራ ደግሞ አፉ ዝም ማለት አያውቅምና፣ ጋሽ መቀሱ ሳያስበው ማውራት ጀመረ። መላጣዎቹ ሽማግሌዎች በአንድ ወንበር ሲጣሉ የሆነውን ነገራት። ሙሽራ ሆኖ መጥቶ አንድ ጎኑ ብቻ ተላጭቶ መብራት ስለጠፋበት ሰውዬ ነገራት፤ የሃያ ዓመት ታሪክ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፣ እሷ ግን ሰምታው አታውቅም። ግማሽ ፊቷ እስኪደክመው ሳቀች። እሱ ግን መሃል ላይ ቆመ። ይቺን ቀልድ ስንት ሰው እየደጋገመ ሲስቅባት፣ ለሚስቱ ዛሬ ገና መንገሩ ነው።

«ለምን እንደማልነግርሽ እንጃ» አላት መቀሱን እያየ። «የሆነ ሰዓት ላይ ማውራትን እንደ ሥራ ቆጠርኩት መሰለኝ። ቤት ስገባ ሥራ የጨረስኩ ይመስለኛል።»  እሷም መደገፊያውን አልመታችም፤ የግራ እጇን ዘርግታ ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ ቅጠል አነሳችለት።

ሁሉም ዓይናቸውን ከፈቱ። ቀያይ ለጋ ቅርንጫፎች ወጡ። ከሁሉም ይልቅ ግን የፈጠነችው ያቺ በዓመት አንዴ የምትታየው ቀሪዋ ነበረች። ከሥሯ አጠገብ አንድ ወፍራም፣ ለምለም ቅርንጫፍ ተወርውሮ በአንድ ወር ውስጥ የሰው ወገብ ደረሰ። ጋሽ መቀሱ እንደ ልጅ ተኩራራበት። ቲቸርን ገፍቶ ወሰዳትና «እይልኝ እስቲ! በኔ ጊዜ መቅረት ድሮ ቀረ!» አላት።

ቲቸር አየችው። መደገፊያውን መታ አደረገች።

«ምኑን? ይሄን?»

መታ።

«ጫፉን ነው?»

ጣቷን አወዛወዘች። ዝቅ። ደግሞ ዝቅ። ከመሬት በታች እስክትል ዝቅ።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ከሁሉም ጤነኛው ነው! የታመመው ያ ላይኛው ነው።»

መታ፣ መታ፣ መታ። ፊቷ ቀላ። ጋሽ መቀሱ መቀሱን ኪሱ ከተተ፤ የሐኪሙ ቃል ሆዱ ውስጥ ተነሳችበት። ምን ያህሉን። እስካሁን ትረዳለች ብሎ ያሰበው ምናልባት የራሱ ምኞት ይሆናል። ሰው ጤነኛውን ቆርጠህ በሽተኛውን ተው ይላል?

ያን ዕለት ከሰዓት ልጃቸው ስልክ ደወለች። እሱ ሳሎን ውስጥ ቆሞ፣ ቲቸር ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጣ፣ «አእምሮዋ እንደ ድሮው አይደለም» አለ። «ዛሬ ለምለሙን ቁረጥ ብላ ስታስጨንቀኝ ዋለች።»

«አባዬ፣ እኔ ዘንድ ኑ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩህ። ሊፍት አለው፣ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው። ብቻህን አትችለውም።»

«እሺ» አለ። «ደላላ ላነጋግርና ቤቱን ይይልን። ለሷ እንደሆነ ያንቺ አራተኛ ፎቅም ሆነ እዚህ፣ ያው ነው።»

ስልኩን ዘግቶ ሲዞር ቲቸር ዓይኗን ጨፍናለች። የተኛች መሰለው።

በማግስቱ ወደ አትክልቱ ሊወስዳት ወንበሯን ሲይዝ፣ በግራ እጇ የበሩን መቃን ጨብጣ አለቅም አለች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ብርጭቆ አልወረወረችም፣ ፊቷን አላዞረችም፤ ዝም ብላ አንድ ቦታ ታያለች። እሱ ቀልድ አመጣ፤ አልሳቀችም። ደክሟት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ደላላው ደውሎ ቅዳሜ እመጣለሁ አለው።

ሐሙስ ዕለት ብቻውን ውሃ ሲያጠጣ የቀሪዋ ላይኛው ክፍል ጭራሽ ወደ ቢጫነት ተለውጦ አየ። የሥሩ ቅርንጫፍ ግን አጥሩን ሊያልፍ ነው። ግራ ገብቶት ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቆርጦ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ቲቸርን ለጎረቤትየዋ አደራ ብሎ ወደ ችግኝ ቤቱ ሄደ።

ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። «ቅጠሎቹን ይቁጠሩልኝ።»

ከላይኛው በተቆረጠው አንድ የቅጠል ዘንግ ላይ አምስት፣ ከሥሩ በተቆረጠው ላይ ሰባት ነበሩ።

«ጋሼ፣ ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ተክል ነው። ሥሩ የዱር ነው፤ ኃይለኛ ነው፣ አበባው ግን ይህን ያህል አይደለም። እሱ ላይ ነው ቆንጆዋ የምትጣበቀው። አንዳንዴ ዱሩ ከሥር ያመልጥና የራሱን ቅርንጫፍ ያወጣል። ያን ጊዜ ወዲያው ከሥሩ ካልተነቀለ፣ ምግቡን ሁሉ ለራሱ ወስዶ የላይኛዋን በረሃብ ይገድላታል። ይሄ ለምለም ያሉት ገዳይዋ ነው።» ቅርንጫፉን ገፋ አደረገችው። «ገና ስንዝር ሳለ ቢቆርጡት ኖሮ ጥሩ ነበር። ቲቸር አላዩትም እንዴ?»

ጋሽ መቀሱ ቅርንጫፉን አንስቶ ቅጠሎቹን እንደገና ቆጠረ።

«አይታዋለች» አለ ቀስ ብሎ። «ቁረጥ ብላኝ ነበር።»

ሴትዮዋ ሁለቱን ቅርንጫፎች መልሳ በጋዜጣው ጠቀለለችለት።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገረ አያውቅም። ያ ሁሉ ጥፊ፣ ያ ሁሉ መታ መታ፣ ተራ በተራ መጣበት፤ አንዱም አልተሳሳተም ነበር። የተሳሳተው እሱ ነው። ከዚያ ደግሞ ሳሎን ቆሞ «ለሷ ያው ነው» ያለው መጣበት። ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ሰምታዋለች። እያንዳንዷን ቃል ተረድታለች። ዝም ያለችውም ለዚያ ነው።

ቤት ሲገባ ጎረቤትየዋ ወጣች። ጋሽ መቀሱ ዝቅ ያለ በርጩማ ስቦ ቲቸር ፊት፣ ጉልበቷ አጠገብ ተቀመጠ።

«ቅርንጫፉ የዱር ነው አሉኝ» አላት። «አንቺ ነግረሽኝ ነበር። እኔ ግን ያበድሽ መሰለኝ። በስልክ ያልኩትንም ሰምተሻል።»

አታየውም።

«ቤቱን ልሸጥ ስል አልጠየቅሁሽም። አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ፣ ስላንቺ ከሌላ ሰው ጋር አወራሁ። ቲቸር፣ አጥፍቻለሁ።» በርጩማውን ወደ እሷ አስጠጋ። «አሁን ልጠይቅሽ። ልጃችን ዘንድ እንሂድ?»

ዓይኗን አንስታ አየችው። ከዚያ የግራ እጇ ተነስቶ፣ በቀስታ፣ ሳያሳምም፣ የእጁን አንጓ በጥፊ አለው።

«እዚሁ እንቅር?»

መደገፊያውን መታች። አንዴ አልነበረም፤ እጇ እስኪደክም መታችው። ቀጥላም ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ጥ...» አለች። «ጥይ...»

«ጥይት?» አለ ጋሽ መቀሱ ዓይኑን አፍጥጦ። «ልትተኩሽብኝ ነው? እንዳሻሽ፣ ይገባኛል!»

ግማሽ ፊቷ በሳቅ ተሸበሸበ፤ እንባዋም ወረደ። ራሷን ነቀነቀችና እንደገና ከሩቅ የምትጎትተው ይመስል ታገለች። «ጠይ... ቀኝ።»

ሰማ። ደግማ እንድትለው አላደረጋትም። «እጠይቅሻለሁ» አላት፤ «ከእንግዲህ እጠይቅሻለሁ»፤ ራሱንም ጉልበቷ ላይ አሳረፈ፤ እሷም የግራ እጇን አናቱ ላይ አኖረች። ያ የሰው ራስ ሲዳስስ የኖረ ሰው፣ እጅ ራሱ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ረስቶት ነበር።

ደላላውን ያኑ ዕለት ደውሎ አትምጣ አለው። ልጃቸው ግን በዋዛ አልተቀበለችም። «አባዬ፣ ነገ አንተም ብትወድቅስ?» ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች። አልተሳሳተችም፤ እሱም እንዳልተሳሳተች ነገራት። «ግን ውሳኔው የናትሽ ነው። መጥተሽ ጠይቂያት።» በሁለተኛው ሳምንት መጣች። እናትና ልጅ በር ዘግተው ግማሽ ቀን ዋሉ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩትም፤ ልጅቱ ዓይኗ አብጦ ወጣችና፣ ጠዋት ጠዋት የምታግዝ ሴትና በሳምንት ሁለት ቀን መጥታ ንግግር የምታለማምድ ባለሙያ ፈለገችላቸው። ጋሽ መቀሱም በነዚያ ሁለት ቀናት ከሰዓት ሱቁን መክፈት ጀመረ። እዚያ የሰማውን ማታ ይዞ ይገባል፤ ቲቸር ደግሞ የማትወደው ወሬ ላይ ሲደርስ እጁን በጥፊ ትለዋለች።

ቃላቷ ቀስ በቀስ ሃያ፣ ሠላሳ ደረሱ። ግማሾቹ ስድብ ናቸው እያለ ለደንበኞቹ ያማታል።

ቀሪዋ አልተረፈችም። የዱሩን ቅርንጫፍ ከሥሩ መንግሎ ቢያወጣውም ጊዜው አልፎ ነበር፤ ላይኛው እንጨት ሆኖ ቀረና ነቅሎ ጣለው። ሌሎቹ አሥራ ሦስቱ በወቅቱ አበቡ፤ እኩል ተላጭተው በነበሩበት ቦታ አንዷ ከፍ፣ አንዷ ዝቅ፣ አንዷ ተንጋዳ፣ እንደየጠባያቸው። ቲቸር ግን ዓይኗን ባዶ ከሆነው የአጥር ጥግ ላይ ማንሳት አልቻለችም። አንድ ቀን ጣቷን ወደ መንገዱ ቀሰረች።

ወንበሯን እየገፋ ችግኝ ቤት ወሰዳት። የችግኝ ቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብላ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት። በከረጢቶቹ መሃል ተዘዋወሩ። ጋሽ መቀሱ ልክ እንደ ቀሪዋ ጥቁር ቀይ የሆነች አንዲት ጽጌረዳ አየና እጁን ወደ ከረጢቱ ሰደደ። ከዚያ ግን ወደ ቲቸር ዞሮ «የትኛዋ?» አለ።

ቲቸር ጊዜዋን ወሰደች። በመጨረሻ የጠቆመችው ብርቱካናማና ሮዝ የተደባለቀባትን፣ ለእሱ ዓይን ከአውቶቡስ ማስታወቂያ የማትለይ ደማቅ ችግኝ ነበር።

«ይቺን?» አለ ሳያምን።

«ይ...ቺን» አለች ቲቸር።

ጭኗ ላይ አስቀመጠላትና ወደ ቤት ገፋት። ጉድጓዱን ሲቆፍር ጥልቀቱ አልበቃትም፤ ደግሞ ቆፈረ፤ አሁን ደግሞ በዛ አለችው፤ አፈር መለሰ። ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ፀጉር ቤት ያን ቀን ማን እንደመጣ እያወራላት፣ ችግኟን ቀና አድርጎ ያዘና ጣቷ እስኪንቀሳቀስ ጠበቀ።